ስም የጎደለው ድንጋይ

በቀይ ሽብር ዘመን ልጇ በዚህ መንገድ ዳር ተገድሎ ሲጣል፣ የአብዮት ጠባቂዎች ለማሰር ማን እንደሚያለቅስ ያዩ ነበር። እናቲቱ የቀሩትን ልጆቿን ለማትረፍ «አላውቀውም» ብላ አለፈች። ዛሬ በዚያው ቦታ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል፤ የጎደለው ስም ብቻ ነው። ስሙን ልትናገር መጥታለች።

«እዚህ የወደቀውን ልጅ የሚያውቅ አለ?» አሉ የሰፈሩ ሽማግሌ።

እናቲቱ ብድግ አለች። ነገር ግን አፏን ሳትከፍት፣ ልጇ በዚያው የሽብር ሰሞን ከቤት ወጥቶ የቀረባት ጎረቤቷ አቻምየለሽ ድንጋዩ ላይ ተደፋች።

«የኔ ስንሻው ነው! አለዚያማ የት ሊሄድብኝ!»

«እትዬ አቻምየለሽ፣ በደፈናው አይሆንም» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያየ ምስክር አለዎት?»

አቻምየለሽ ዙሪያዋን ቃኘች። እናቲቱ ወደ ድንጋዩ ቀረበች።

«እኔ አለሁ» አለች በመጨረሻ። «በዓይኔ አይቼዋለሁ። የአቻምየለሽ ልጅ ነው፤ ስንሻው ብላችሁ ጻፉ።»

ከዚያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎረቤቷ ጎን ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ የተከለከለችውንም ለቅሶ፣ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።