ጣቢያው ላይ የቆሙት

እናት፣ ወንድ ልጇ በልጅነቱ ይወደው የነበረውን የመጫወቻ ባቡር ከነጣቢያውና ከነትንንሽ ሰዎቹ ከሣጥን አወጣችው። "ሰዎቹ ቀለማቸው ለቋል። ወንድምሽ ሳይመጣ እንቀባቸው" አለቻት ሴት ልጇን።

ልጅቷ ወንድሟ ባሕር ላይ መሞቱን ከሰማች ሰንብታለች። አጎቶቿ ግን፣ "የእናትሽ ልብ ደካማ ነው፤ ፋሲካ ይለፍና እናረዳታለን" ብለዋታል።

ጥፍር የሚያክሉትን የፕላስቲክ ሰዎች ተካፍለው መቀባት ጀመሩ። ልጅቷ አቀርቅራ ለባቡር ነጂው ሰማያዊ ኮት ስትቀባ ብሩሹ ከኮቱ አልፎ ሄደ።

"ፊቱንም ሰማያዊ አደረግሽው እኮ" አለች እናቷ።

"ቸኩዬ ነው፣ እማዬ።"

"አንቺማ ስትወለጂም ቸኩለሽ ነው።"

ሲጨርሱ እናቷ እሷ የቀባቻቸውን፣ ባቡሩን የሚጠብቁትን ሰዎች ጣቢያው ላይ ደረደረቻቸው። ሴቶቹም ወንዶቹም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ከል ለብሰዋል።

"አጎቶችሽን ጥሪያቸው" አለች ብሩሹን እየጠረገች። "ብቻዬን ማልቀስ ደክሞኛል።"