አንድ ጆሮ ለበሩ

ከመስታወቱ ማዶ፣ መቅጃ ክፍሉ ውስጥ፣ ታናሽ እህቴ ሚጣ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ትስቃለች። የዛሬው ትዕይንት ሳቅ የለበትም። አጠገቤ የተቀመጠው ዳይሬክተር፣ ለዚች የአኒሜ፣ የጃፓን የስዕል ፊልም፣ ልጅ ድምፅ እንድትሆን ስትመረጥ ምን እንደተሰማት ጠይቋት ነው።

«እኔን ያሳደገችኝ እኮ እሷ ናት፣ ጋሼ» ትለዋለች። «ልጅ ሆኜ እሷን ባላይ ኖሮ ሰው አልሆንም ነበር።»

ቀረጻውን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ። ለቀረጻው አያስፈልግም፤ ለራሴ ነው።

የስዕሏን ልጅ ጠንቅቄ አውቃታለሁ። ዓይኗ የፊቷን ግማሽ ይይዛል፤ ስታለቅስ እንኳ አፍንጫዋ አይቀላም። አባቷ ሰክሮ በገባ ቁጥር ታናሽ ወንድሟን ይዛ ቁምሳጥን ውስጥ ትደበቃለች። በኋላ ጓደኛ ታገኛለች፣ ቅዠቷን የሚያዳምጥላት ሰው ታገኛለች፣ በመጨረሻው ክፍል ድና ሜዳ ላይ ትሮጣለች። ስትድን ሙዚቃ ሁሉ አላት።

እኛም ቁምሳጥን ነበረን። ሚጣን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጆሮዋን በሁለት እጄ የምደፍነው እኔ ነበርኩ። ምስጋናው ለስዕል ሄደ። በቀለምና በመስመር መቅናት ያሳፍራል፤ እኔ ግን ቀንቻለሁ።

ዳይሬክተሩ ወደ ጆሮ ማዳመጫዬ ያያል። እንደልማዴ ግራውን አድርጌ ቀኙን ወደ ኋላ ገፍቼዋለሁ። ከቁምሳጥኑ ዘመን ጀምሮ በበሩ በኩል ያለው ጆሮዬ ክፍት ካልሆነ ሥራ አይሆንልኝም። ሁለት ጆሮ ቀጥሬ ባንዱ ብቻ ትሠራልኛለች ብሎ ይቀልዳል፤ የዘወትር ቀልዱ ነው።

ምስሉን አስነሳለሁ። ቁምሳጥን። ውጭ ሰሃን ይሰበራል። ልጅቷ የወንድሟን ጆሮ ይዛለች፤ ጨለማ ስለሆነ አፏ አይታይም። የሚነገር ነገር የለም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚቀዳው። ሚጣ ትተነፍሳለች፤ ዳይሬክተሩ ይበቃል ይላል። እሷ ግን አንዴ እንድንደግመው፣ ሌላ ነገር መሞከር እንደምትፈልግ ትነግረዋለች። የልጅቷ አፍ ካልታየ ምን ቸገረን ይላል።

እቀዳለሁ።

ሚጣ አፏን ሳትከፍት ታንጎራጉራለች። ስም የሌለው ዜማ ነው፤ ወደ ላይ ይወጣና ሊያልቅ ሲል ይቆረጣል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። የሚቆረጥበትን ቦታ አውቀዋለሁ። እዚያ ጋ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። ሰሃኑ እንዳይሰማት ጆሮዋ ሥር የማንጎራጉረው ይህንኑ ነበር። ስለ ቁምሳጥኑ አንስታ አታውቅም፤ ትንሽ ስለነበረች ረስታዋለች ብዬ ነበር።

ዳይሬክተሩ፣ ይሄ በዋናው ፊልም የለም፣ ከየት አመጣሽው ይላታል።

«የኔዋ እንዲህ ነበር የምታደርገው» ትላለች፤ ወደሱ አታይም። «ስዕሏንም የወደድኳት እሷን ስለመሰለችኝ ነው።»

ከመቅጃ ክፍሉ ወጥታ ከኋላዬ ትቆማለች።

«እታለም፣ በሁለቱም ስሚው።»

«በሩስ?» ልላት ነው። እሷ ግን ቀኙን ማዳመጫ ጎትታ ጆሮዬ ላይ ታደርገዋለች፤ ሁለት እጇንም ከላይ ትጭንበታለች። መዳፎቿ ዛሬ ከኔ ይበልጣሉ። የቀዳሁትን አስነሳለሁ።

ፊት ለፊቴ ባለው መስታወት ላይ በሩ ተከፍቶ ዳይሬክተሩ ሲወጣ አያለሁ። ሲዘጋ አልሰማውም።