ከጆሮው ጀርባ

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን በቀኝ በኩል ከግንባር እስከ ማጅራት ሲነዳው ሽበቱ በጨርቁ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። ጡረተኛው መምህር፣ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር የሚለው፣ ዛሬ እንደ ወትሮው "አሳምረኝ" አላለም። ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ፣ ነገ ቀዶ ሕክምና እገባለሁ ነው ያለው።

"በግራ ጆሮዬ ጀርባ ጥቁር ነጥብ አለች። ካንሰር ናት አሉኝ" አለ በመስታወቱ ውስጥ እያየው። "አንገቴ ባያብጥ ኖሮ እኔማ በምን አውቄ።"

አስተካካዩ ያውቃታል። ከሦስት ዓመት በፊት የምስር ፍሬ ታክል ነበር፤ ኋላ እየሰፋች ሄደች፣ ዳር ዳሯም ተሸራረፈ። ሙያውን ያስተማረው ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ደንበኛ ራስ ላይ ያየኸውን እንዳትናገር፣ ያፈረ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም ብሎ አስጠንቅቆታል። እሱ ደግሞ ዝም ማለቱ ሳያንስ ተጠበበባት። እዚያች ቦታ ላይ ፀጉሩን ረዘም አድርጎ እየተወ፣ በማበጠሪያ እያስተኛ፣ ማንም እንዳያያት አድርጎ ሸፈናት። በእጁ ሥራ በልቡ ይኩራራ ነበር፣ ሞኝ።

ቲቸር ወሬውን ቀጠለ። ከዓመት በፊት ቢመጣ ኖሮ ቆርጠው ጥለዋት በዚያው ቀን ቤቱ ይገባ እንደነበር፣ አሁን ግን ካንሰሩ ወደ አንገቱ እንደወረደ ዶክተሩ ነግሮታል። ሰው የራሱን ማጅራት አያይም፣ በወር አንዴ የቤት ሰው ሊያይልዎት ይገባ ነበር ብሎም ተቆጥቶታል። ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው፤ ልጆቹም አጠገቡ የሉም፣ ርቀዋል። ራሴን የሚነካ ሰው የለኝም ብሎ ለዶክተሩ መልሶለት ከሐኪም ቤቱ ወጣ።

"መንገድ ላይ ነው ትዝ ያልከኝ" አለ ቲቸር። "አይተሃት ነበር እንዴ?"

ማሽኑ እየጮኸ አየር ላይ ቆመ። ፀጉርዎ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በየት በኩል ትታየኛለች ቢለው ያምነው ነበር። አፉን ከፈተ፤ ውሸቱ ግን እምቢ አለው።

"አይቻታለሁ ጋሼ። ሦስት ዓመት አለፋት።" ማሽኑን ዝቅ አደረገ። "እንዳያፍሩ ብዬ በፀጉር ስሸፍናት የኖርኩትም እኔው ነኝ።"

ቲቸር ጨርቁን ከአንገቱ ጎትቶ ብድግ አለ። በሩ ጋ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ፤ ግማሹ ተላጭቷል፣ በግማሹ ሽበቱ ተንጨባሯል። እንዲህ ሆኖ መንገድ አይወጣም። ቆሞ ቆሞ ተመለሰና ተቀመጠ።

"በል ጨርስ" አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

አስተካካዩ የግራ ጆሮውን በጣቱ አጠፍ አድርጎ ማሽኑን አስጠጋ። እጁ አልታዘዝ አለው፣ ይንቀጠቀጣል። ቲቸር ይሄ ተሰማው መሰል፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ራሱን አጽንቶ ያዘለት።