የመጀመሪያው መስመር

የበረዶ ሆኪው ግማሽ ፍጻሜ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው አሰልጣኟ ሜላት መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ የተጫዋቾቿ ስም የተጻፈባቸውን ማግኔቶች ነጩ ሰሌዳ ላይ ትደረድር ነበር። ሌሎቹን የአጥቂ መስመሮች ጨርሳለች፤ ያስቸገራት የመጀመሪያው፣ የምርጦቹ መስመር ነበር። ከዚያ መስመር ቀኝ ክንፍ ለስድስት ዓመት ተነስታ የማታውቀው ታላቅ እህቷ ያኔት ናት። ዘንድሮ ግን ያኔት በረዶው ላይ ከጓደኞቿ እኩል መብረር አቅቷታል፤ ከዩልስታ ሰፈር የመጣችውን ወጣቷን ሀዲልን ደግሞ የሚደርስባት የለም። ሜላት የእህቷን ማግኔት ወደ ሦስተኛው መስመር ትወስደዋለች፣ መልሳ ታመጣዋለች። በልጅነቷ እጇን ይዛ በረዶ ላይ መቆም ያስተማረቻት ያኔት ነበረች።

በሩ ሲከፈት ማግኔቱ እጇ ላይ ነበር። ያኔት ገባችና ሰሌዳው ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ አየች።

«ይኼን ያህል የምትጨነቂው በእኔ ነው?»

«ያኒዬ፣ እኔ እኮ...»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ መቼ ትነግረኝ ይሆን ስል ነበር። ጉልበቴ እንደከዳኝ እኔ አላውቅም?»

ማግኔቱን ከሜላት እጅ ወስዳ ሦስተኛው መስመር ላይ ለጠፈችው፤ የሀዲልን ደግሞ እሷ ትሰለፍበት በነበረው ቦታ አደረገች።

«አንድ ነገር ብቻ። ለሀዲል እኔ ልንገራት። ካንቺ ከሰማች ቦታዬን የቀማችኝ ይመስላትና እግሯ ይታሰራል።»

ሜላት ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ያኔት በትልቁ ጓንቷ ጉንጯን ዳሰስ አድርጋት ወደ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ዞር ብላ፣ «በርቺ፣ አሰልጣኝ» አለቻት። ሜላት ቡድኑን ከያዘች ጀምሮ እህቷ እንዲያ ብላ ጠርታት አታውቅም ነበር።