የተረፈው ግማሽ ሰዓት

«ሆዴ፣ እስቲ ሳቂልኝ» አላት ቀዶ ሐኪሙ ባሏ፣ ካሜራውን ወደ ፊቷ አስጠግቶ። ከኋላው፣ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ለነገው ስብሰባ ሁለት የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን የሚያወዳድርበት ገጽ ተከፍቶ ነበር። በግራ በኩል በተለመደው ምላጭ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታክሲ ነጂ፣ ከጆሮው ሥር ወፍራም ጠባሳ ይዞ፣ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። በቀኝ በኩል ያለው ባዶ ቦታ የእሷ ነበር። የሁለቱም የምራቅ ዕጢ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር አልነበረም፤ የእሷን ግን ባሏ ያወጣው በድምፅ ሞገድ በሚቆርጠው አዲሱ መሣሪያ ነው።

የወረደውን የከንፈሯን ጫፍ በጣቷ ወደ ላይ ደግፋ ያዘችለት።

«እጅሽን አውርጂው፣ ጠባሳውን ጋረድሽው» አላት። «እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው እኮ። ደምም አልፈሰሰሽም። ከምላጩ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አትርፎልኛል።»

«የፊቴ ነርቭስ?»

«ይመለሳል አልኩሽ። ትንሽ ታገሺ።»

እጇን ስታወርድ ከንፈሯም አብሮ ወረደ። «ያን ግማሽ ሰዓት» አለችው፣ ቃሉ በላላው ጉንጯ በኩል እያመለጣት፣ «ምን ሠራህበት?»

ሊመልስ አፉን ከፈተና የቀዶ ሕክምናው ቀን ትዝ አለው። እሷ ከማደንዘዣው ብቻዋን ስትነቃ፣ እሱ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለባልደረቦቹ መሣሪያው እንዴት እንደሚፈጥን ሲያወራ ነበር። ካሜራው እጁ ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችውና ሳቀችበት፣ በቀራት ግማሽ ፊት።