አልሞላ ያለው ሳጥን

ሚስት የባሏን ራስ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ስልኳን ትነካካ ነበር። ባሏ ትንፋሽ አጥሮት ከንፈሩ ጠቁሯል። ነርሷ ግን፣ "እህቴ፣ አልጋ የሚመድበው ኮምፒውተሩ ነው፤ በስልክሽ ካላስመዘገብሽው ምን ላድርግ?" ብላ ቁርጡን ነግራታለች። በስልኳ የተከፈተው ቅጽ ላይ ስሙን ሞላች፤ ዕድሜውን ሞላች። የስልክ ቁጥር ላይ ስትደርስ ግን ሳጥኑ ቁጥሮቹን በራሱ ጊዜ በሰረዝ እየከፋፈለ ደርድሮ፣ የመጨረሻዋን አላስገባም አለ። ከሥሩ በቀይ፣ "ቁጥሩ ትክክል አይደለም" የሚል ጽሑፍ መጣ።

"ኧረ በፈጠረህ!" አለችው ስልኩን፣ ሰው ይመስል። አጥፍታ ደግማ ጻፈች። ያው ነው። "የገዛ ባሌን ቁጥር ልትነግረኝ ነው?" አለች። በዚህ መሃል ባሏ እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። ውሃ የፈለገ መስሏት ጠርሙሱን ብታቀርብለት ራሱን ነቀነቀ፤ በጣቱም የቁጥሩን መጀመሪያ ነካ።

"ዜሮዋን... አጥፊያት። የአገሩ መለያ፣ 251፣ ቀድሞ ተጽፏል፤ እሷ... ትርፍ ናት።"

አጠፋቻት። ቁጥሩ ልክክ ብሎ ገባ፣ "ተመዝግበዋል" አለ ስልኩ። ነርሷም ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች።

"አንተ በምን አወቅክ?"

"ቅጹን እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ ዓይኑን እንደጨፈነ። "ሰው ይሳሳታል ሲሉኝ... ይለምደዋል አልኩ።"

ሚስቱ ደግፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ዞር ስትል በአግዳሚው ላይ የተደረደሩት አስታማሚዎች ሁሉ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ወንበሩን እየገፋች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፦

"ዜሮዋን አጥፏት! የመጀመሪያዋን ዜሮ አጥፏት!"