የመንታ ካርዱ ዱአ

«እጅ ይዘርጋ!» ይላል ሙንዚር፣ ኮምቦልቻ በከፈተው አዲሱ የኮምፒውተር ሱቅ መሀል ቆሞ። ተምሩም ለስላሳውም ዞሯል፤ ሰዉ እስከ ደጃፍ ሞልቷል። ሱቁን በዱአ የሚከፍቱት ሸኽ ግን ከደሴ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ላይ መኪናቸው ተበላሽቶ ቀርተዋል። «ሸኹ ቁልቁለቱ ላይ ናቸው። ሸኽ ካልደረሰ እድሜ ይመርቃል። ከመሀላችን ትልቅ ማነው?»

ሁሉም ዞሮ አሮጊቷን ከይሪያን ያያል። ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ ተንገላታ የመጣችው ለጠብ ነበር፤ ምርቃቱ ራሱ መጥቶ እጇ ላይ ወደቀላት።

ሙንዚር አላወቃትም። በምን ያውቃታል? ባለፈው ደሴ ካለው ሱቁ ሄዳ «ልጄን አታለልካት» ስትለው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «እማማ፣ ፊደል ካልቆጠረ ሰው ጋር ስለ ካርድ አልከራከርም» ብሎ ነው የሸኛት። ፊቷን መች አየና!

የልጅ ልጇ ሀናን አጠገቧ ቆማለች፤ ከሙንዚር የገዛችውን፣ ወፍጮ የሚያህል ላፕቶፕ በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ። ሲሸጥላት ምላሱ ማር ነበር። «የሌላው ላፕቶፕ ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ አንድ ነው፤ የዚህ መንታ ነው። ጌምሽ እጥፍ ይሮጣል።» አመነችው። ኋላ ሲታይ ግን አንደኛው ካርድ ሲለፋ መንትያው ሥራ ፈት ነው። የዛሬ ጌም ሁለት ካርድ ማሠራት ትቷል። ሁለተኛው ካርድ ቁጭ ብሎ መብራት ይበላል፣ ይግላል፣ ጓደኛውንም ያግላል።

የኳስ ጌም ውድድሩ ፍጻሜ እዚሁ ኮምቦልቻ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ፣ ሀናን እየመራች፣ ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ጮኸና ድርግም አለ። ለአዲስ አበባው ውድድር ያለፈው ሌላ ሆነ። ሰው ሳቀ። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ ሰው አታይም።

«እማ፣ በአላህ እንሂድ» ትላለች አሁንም፣ መሬት መሬት እያየች።

«ዝም በይ። እጅሽን ዘርጊ።»

ይዘረጋል የሁሉም መዳፍ። አንዴ ከተዘረጋ ደግሞ መራቂው ዱአውን ዘግቶ ፊቱን ካላበሰ አይታጠፍም፤ ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል። የጎረቤቱ ፎቶ ቤት ባለቤት ጸጋው እንኳ፣ ማተቡ አንገቱ ላይ እንዳለ፣ መዳፉን እንደ ጎረቤቶቹ ከፍቶ ቆሟል።

ከይሪያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«አላህ ሱቅህን ሁለት እንዳደረገልህ፣ ነገርህን ሁሉ መንታ ያድርግልህ።»

«አሚን!» ከሁሉ የሙንዚር ድምፅ ይበልጣል።

«ሁለት ሠራተኛ ይስጥህ።»

«አሚን!»

«አንዱ ሲለፋ፣ ሁለተኛው ቁጭ ብሎ ይብላልህ።»

«አሚ...» ግማሹን ሰው ከአፉ አመለጠው፤ ግማሹ መሀል ላይ ዋጠው። ከኋላ አንዱ ሳቁን ሳል ያስመስላል።

«ሁለት መኝታ ይስጥህ፤ ሁለቱም ይጋሉብህ። ሰው ፊት በቆምክ ቀን፣ አሸነፍኩ ባልክ ሰዓት፣ ሁለት ዓይንህ እያየ ሁሉም ድርግም ይበልብህ።»

አሚን የሚል ጠፋ። ሙንዚር መጀመሪያ ከረጢቱን፣ ቀጥሎ ሀናንን፣ በመጨረሻ የአሮጊቷን ፊት ያያል። አሁን አየው። መዳፉን ግን አያጥፈውም።

«እማማ... ይበቃል። ይዝጉት።»

«ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዱአ መቼ እንደሚዘጋ ግን አላጣውም።»

«ሌላ እቃ እቀይርላታለሁ፣ ወላሂ!»

«እቃህን ለራስህ። እንዲህ መዳፍህን እንደዘረጋህ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ንገረው። ሁለተኛው ካርድ ይሠራል አይሠራም?»

ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። እጁ ተዘርግቷልና አይጠርገውም። «ድሮ... ድሮ ይሠራ ነበር።»

«ድሮማ እኔም እሮጥ ነበር!»

ሱቁ በሳቅ ይፈርሳል። ጸጋው ብቻ አይስቅም። «አንተዬ! ለፎቶው ሥራ ብለህ የሸጥክልኝስ መንታ አይደል እንዴ?»

«አይሠራም» ይላል ሙንዚር ለጫማው።

«ሀናን አልሰማችም።»

«አይሠራም! ስሸጥላትም አውቅ ነበር!»

ሀናን ቀና ትላለች። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ሰዉን አንድ በአንድ ታያለች። ዓይኑን የሚሰብረው አሁን ሰዉ ነው።

ከእንግዲህ ሁሉም የሚጠብቀው የከይሪያን መዳፍ ነው፤ ፊቷን ታብስና ይገላገላሉ። ከይሪያ ግን እጇን ታወርዳለች፤ ፊቷን ሳትነካ፣ የከረጢቱን አንድ ጆሮ ትይዛለች። ሀናን ሌላውን። ሰዉ እጁን እንደዘረጋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብሎ መንገድ ይለቅላቸዋል።

«እማማ! ዱአው!» ይጮኻል ሙንዚር። «ኧረ በአላህ! ምን ላይ ተዉኝ?»

«አብሽር፣ ሸኹ ይዘጉታል» ትላለች ሳትዞር። «ቁልቁለቱ ላይ ናቸው አላልክም?»

ከመንገዱ ማዶ ቆመው የደሴን ሚኒባስ ይጠብቃሉ። ከይሪያ በሱቁ መስታወት አሻግራ ታያለች። ጸጋው መዳፉን አጥፏል፤ አጥፎም ያችኑ መዳፍ ሙንዚር አፍንጫ ላይ እያወናጨፈ ነው። ሌላውም አንድ በአንድ፣ ፊቱን ሳያብስ፣ እየወጣ ነው።

ሙንዚር ብቻ እንደቆመ አለ፤ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ አንዱም ሥራ ሳይኖረው።